ብጉርና የቻይና ባህላዊ ሕክምና፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ብጉር በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምርና ብዙ ሰው የሚያውቀው የቆዳ ሕመም ነው። ከ12 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወጣቶች መካከል ከመቶ 85 ያህሉ በተወሰነ ደረጃ ብጉር ይወጣባቸዋል። በብዙዎች ላይ ራሱ ይጠፋል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን እስከ 30 እና 40 ዓመት ዕድሜ ይዘልቃል፣ ጥቁር ምልክትና ጠባሳ ይተዋል፣ በራስ መተማመንንም ይጎዳል።

ቅባትና ኪኒን ሞክረው ለውጥ ያላዩ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ባህላዊ መድኃኒት ያዞራሉ። ከእነዚህ አንዱ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። እርስዎ ወይም የቤተሰብዎ አባል ይህን ሕክምና ለመጀመር ካሰቡ፣ ሕክምናው ብጉርን እንዴት እንደሚያየው፣ ምን እንደሚሰጥ፣ ምን ያህል እንደተረጋገጠና የትኛው ነገር አደገኛ እንደሆነ አስቀድመው ማወቅ ይኖርብዎታል።

ብጉር እንዴት ይፈጠራል?

ከቆዳችን ሥር ወዝ የሚያመነጩ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ወዙ በፀጉር ቀዳዳ በኩል ወጥቶ ቆዳን ያለሰልሳል። ብጉር የሚፈጠረው አራት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦

- በሆርሞን ምክንያት ወዝ ከመጠን በላይ ሲመነጭ፤
- የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ከወዙ ጋር ተጣብቀው ቀዳዳውን ሲደፍኑ፤
- በቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ሲራባ፤
- ሰውነት ለዚህ ምላሽ ሲሰጥ ቆዳው ሲቆጣ፣ ሲቀላና መግል ሲይዝ።

ብጉር የንጽህና ጉድለት ውጤት አይደለም። ፊትን ደጋግሞ መታጠብና መፈተግ ቆዳውን ይበልጥ ያስቆጣዋል እንጂ ብጉሩን አያጠፋውም። ብጉር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ብጉርን እንዴት ያየዋል?

የቻይና ሐኪሞች ስለ ብጉር መጻፍ የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ትእዛዝ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1742 የተጠናቀቀው ትልቁ የሕክምና መድበል ብጉርን «የሳንባ ነፋስ ብጉር» ብሎ ይጠራዋል። ምክንያቱን የሚያስረዳውም በሳንባ መስመር ውስጥ የሚገኝ ደም በመሞቁ ነው በማለት ነው።

ይህ አነጋገር ለዘመናዊ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በዚህ ሕክምና «ሳንባ» ሲባል የምንተነፍስበት አካል ብቻ ማለት አይደለም፤ ቆዳንና የሰውነት ፀጉርን የሚቆጣጠር አጠቃላይ ሥርዓት ማለት ነው። «ሙቀት» ሲባልም ትኩሳት ማለት አይደለም። መቅላትን፣ መቆጣትን፣ የአፍ መድረቅንና የሆድ ድርቀትን የመሳሰሉ ምልክቶችን አንድ ላይ የሚጠቀልል ቃል ነው። ስለዚህ ባለሙያው «ሳንባዎ ሞቋል» ቢልዎት የሳንባ በሽታ ይዞኛል ብለው አይደንግጡ።

ባለሙያው ብጉሩን ከማየት በተጨማሪ ምላስዎን ያያል፣ በእጅ አንጓዎ ላይ የደም ሥር ትርታ ይዳስሳል፣ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብዎ፣ ስለ ሰገራዎ፣ ለሴቶች ደግሞ ስለ ወር አበባ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ብጉሩን ከሚከተሉት በአንዱ ወይም በሁለቱ ይመድበዋል።

1. የሳንባ ሙቀት፦ በግንባርና በአፍንጫ አካባቢ የሚወጡ ትናንሽ ቀያይ ብጉሮች። በወጣቶች ላይ የተለመደ ነው። ለዚህ ከጥንት ጀምሮ የሚታዘዘው ቅመማ የወሽመላ ቅጠልን፣ የሐር ትል የሚመገበውን የእንጆሪ ዛፍ የሥር ልጣጭ፣ ጂንሰንግን፣ ሊኮሪስ የተባለውን ጣፋጭ ሥርና ሌሎች ሁለት መራራ ዕፀዋትን ይይዛል።

2. የሆድና የአንጀት እርጥብ ሙቀት፦ ወዛም ፊት፣ መግል የያዘና የሚያም ብጉር፣ የአፍ ጠረን፣ የሆድ ድርቀት። ሙቀትን ያወጣሉ፣ ሆድንም ያለሰልሳሉ የሚባሉ ዕፀዋት ይታዘዛሉ።

3. የአክታና የደም መቋጠር፦ ለብዙ ጊዜ የቆየ፣ ጠጣር፣ ጥልቅ፣ ጠባሳ የሚተው ብጉር። እዚህ ላይ ደም ያንቀሳቅሳሉ የሚባሉ እንደ ሱፍ አበባና የኮክ ፍሬ አስኳል ያሉ ነገሮች ይጨመራሉ።

4. ከወር አበባ ጋር የተያያዘ ብጉር፦ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት በአገጭና በመንጋጋ ላይ የሚብስ፣ ከመነጫነጭና ከጡት ሕመም ጋር የሚመጣ። «የጉበት ጉልበት ታግዷል» ይባላል።

አራተኛው ምድብ ከዘመናዊው ሕክምና ጋር ይቀራረባል። በአዋቂ ሴቶች አገጭና መንጋጋ ላይ የሚወጣ ብጉር ብዙ ጊዜ ከሆርሞን ጋር ግንኙነት እንዳለው የቆዳ ሐኪሞችም ያውቃሉ። በአንጻሩ «ግንባር ላይ ከወጣ አንጀትህ ነው፣ ጉንጭ ላይ ከወጣ ሳንባህ ነው» የሚሉት የፊት ካርታዎች በምርመራ አልተረጋገጡም። እነሱን ተከትለው የውስጥ አካል በሽታ አለብኝ ብለው አይስጉ።

የሚሰጡ የሕክምና ዓይነቶች

ዕፀዋት። ተቀቅለው የሚጠጡ፣ በዱቄት ወይም በእንክብል የተዘጋጁ፣ ወይም ፊት ላይ የሚቀቡ ናቸው። አንድ ቅመማ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት የሚደርሱ ዕፀዋት ይኖሩታል።

አኩፓንቸር። ቀጫጭን መርፌዎች በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ ይገባሉ። ለብጉር ከሚመረጡት ነጥቦች መካከል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው፣ በክርን እጥፋት ጫፍ ያለውና ከጉልበት በታች ያለው ይገኙበታል። መርፌው የግድ ፊት ላይ አይገባም።

ዋግምት። በአገራችንም የሚታወቅ ነው። በቻይና ሕክምና ለብጉር ሲሠራ ብዙ ጊዜ በማጅራትና በላይኛው ጀርባ ላይ ይደረጋል። አንዳንዴ ቆዳው ተበጥቶ ጥቂት ደም እንዲወጣ ይደረጋል።

የጋለ መርፌ። መርፌው በእሳት ግሎ ብጉሩ ላይ በፍጥነት ይገባና ይወጣል። ጥቁር ቆዳ ላላቸው ሰዎች ይህን አንመክርም፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

የምግብ ምክር። ቅባት የበዛበት፣ ጣፋጭ፣ በጣም የሚያቃጥል ምግብና አልኮል እንዲቀነስ ይመከራል።

በእርግጥ ይሠራል?

በቻይና የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ዕፀዋትና አኩፓንቸር ብጉርን እንደሚቀንሱ ይናገራሉ። ችግሩ አብዛኞቹ ጥናቶች አነስተኛ ናቸው፤ አሠራራቸውም ደካማ ነው። የሕክምና ማስረጃዎችን በመመዘን የሚታወቀው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ 3227 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 35 ጥናቶች መርምሯል። ስለ ዕፀዋት፣ ስለ አኩፓንቸርና ስለ ዋግምት ጠቃሚነት አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ስኳርን በደም ውስጥ በፍጥነት የማይጨምር አመጋገብና የሻይ ዛፍ ዘይት ሊጠቅሙ እንደሚችሉ የሚጠቁም መረጃ ቢያገኝም፣ እሱም ደካማ መሆኑን ገልጿል።

ይህ ማለት «ምንም አይሠራም» ማለት አይደለም፤ «እንደሚሠራ አልተረጋገጠም» ማለት ነው። ከዕፀዋቱ አንዳንዶቹ በቤተ ሙከራ ባክቴሪያን ሲገድሉና የቆዳ መቆጣትን ሲቀንሱ ታይተዋል። ከቻይና ባህላዊ መድኃኒት የተገኘ የታወቀ ስኬትም አለ። ለወባ የምንወስደው ኮአርተም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መነሻው ቻይናውያን ለትኩሳት ይጠቀሙበት የነበረ ተክል ነው፤ ተመራማሪዋ ቱ ዮዮ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በሽተኞችን የሚያድነው በመጠን ተለክቶ፣ ተጣርቶና በሰው ላይ ተፈትኖ የተዘጋጀው መድኃኒት ነው። ለብጉር የሚሸጡት ቅመሞች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ አላለፉም።

ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ብጉር በራሱ ጊዜ ይብሳል፣ ይሻላል። አንድ መድኃኒት በጀመሩ በወሩ ፊትዎ ቢጠራ መድኃኒቱ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ደርሶ ሊሆንም ይችላል።

አደጋው የት ላይ ነው?

«ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል።

የኩላሊት ጉዳት። አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያላቸው ዕፀዋት ኩላሊትን ያበላሻሉ፣ የሽንት ቧንቧ ካንሰርም ያመጣሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ለክብደት መቀነሻ ይህ ተክል የተቀላቀለበትን መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኗል። በእንግሊዝ አገርም ለፊቷ ቆዳ ችግር ከሱቅ የገዛችውን የቻይና እንክብል ለዓመታት የወሰደች ሴት ኩላሊቷን አጥታለች፣ ካንሰርም ይዟታል፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2010 ፍርድ ቤት ቀርቧል። ቻይና ራሷ ጉዋን ሙ ቶንግ የተባለውን ተክል እ.ኤ.አ. በ2003 ከመድኃኒት ዝርዝሯ አስወጥታለች። ይህ ጉዳት በጊዜ ሳይታወቅ ውስጥ ውስጡን የሚሄድ መሆኑ የከፋ ያደርገዋል።

የጉበት ጉዳት። ኸ ሾ ዉ የተባለውና ለፀጉርና ለቆዳ ውበት የሚሸጠው ሥር ጉበትን እንደሚጎዳ በሚገባ ተመዝግቧል። ዓይንዎ ወይም ቆዳዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ከቀኝ ጎንዎ የጎድን አጥንት በታች ሕመም ከተሰማዎት ወይም መላ ሰውነትዎን ካሳከከዎት መድኃኒቱን በዚያው ዕለት አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የተደበቀ ስቴሮይድ። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር የቻይና ዕፀዋት ናቸው ተብለው ለቆዳ ሕመም የተሰጡ 11 ቅባቶች ሲመረመሩ በ8ቱ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ተገኝቷል። ስቴሮይድ መጀመሪያ ላይ ቆዳን ያጠራል፤ ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያመጣል። በአገራችን ፊትን ለማቅላት ሲባል ስቴሮይድ ያለባቸውን ቅባቶች የተቀቡ ሰዎች ይህን ችግር በሚገባ ያውቁታል። አንድ ቅባት በሁለት ሦስት ቀን ፊትዎን ቢያጠራውና ሲያቆሙት ብሶ ቢመለስ ስቴሮይድ ሊኖርበት እንደሚችል ይጠርጥሩ።

ከባድ ብረቶች። በአንዳንድ ባህላዊ ቅመሞች ውስጥ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክና እርሳስ ይገኛሉ። ስለዚህ ቀይ ወይም ብርቱካናማ የማዕድን ዱቄት ያለበትን ነገር ፊትዎ ላይ አይቀቡ፣ አይዋጡም።

ጥቁር ምልክትና ያበጠ ጠባሳ። እንደ እኛ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቆዳው በተቆጣ ወይም በተወጋ ቁጥር ጥቁር ምልክት ይቀርበታል፤ ይህም ለመጥፋት ወራት ይወስዳል። ያበጠና ከቁስሉ አልፎ የሚሰፋ ኬሎይድ የሚባለው ጠባሳም በጥቁር ሕዝቦች ላይ ይበዛል። የጋለ መርፌ፣ መብጣትና ብጉርን መውጋት የማይመከረው ለዚህ ነው።

በመርፌና በምላጭ የሚተላለፉ በሽታዎች። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ወይም ምላጭ ኤችአይቪን፣ የጉበት ቫይረስ ቢንና ሲን ያስተላልፋል። መርፌው በፊትዎ ከታሸገ ጥቅል የሚወጣ፣ አንዴ ብቻ ጥቅም ላይ ውሎ የሚጣል መሆን አለበት።

መውሰድ የሌለባቸው ሰዎች

- ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡና የሚያጠቡ እናቶች። የሱፍ አበባ፣ ዳንሸን እና የኮክ አስኳል በራሱ በቻይና ሕክምና ለነፍሰ ጡር የማይታዘዙ ናቸው።
- ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ። ዳንሸን የዋርፋሪንን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ይችላል።
- የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው። ሊኮሪስ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግፊት ይጨምራል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል።
- የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው።
- አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ። ይህ መድኃኒት ራሱ የጉበት ክትትል ይፈልጋል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ቅመም ሊጨመርበት አይገባም።
- ልጆች፣ ሐኪም ካልፈቀደ በስተቀር።

ማስረጃ ያላቸው ሕክምናዎች

የቻይናውን ሕክምና ቢሞክሩም ባይሞክሩም፣ የሚከተሉት በብዙ ጥናት የተረጋገጡ መሆናቸውን ይወቁ፦

- ለቀላል ብጉር፦ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከ2.5 እስከ 5 ፐርሰንት፣ ወይም አዳፓሊን 0.1 ፐርሰንት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅ ስለሚያነጣ ለትራስ ልብስና ለነጠላ ይጠንቀቁ። አዳፓሊን በእርግዝና ወቅት አይወሰድም።
- ለመካከለኛ ብጉር፦ ከቅባቱ ጋር ዶክሲሳይክሊን የመሰለ አንቲባዮቲክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር ላልበለጠ ጊዜ።
- ከሆርሞን ጋር ለተያያዘ የሴቶች ብጉር፦ ሐኪም የሚያዛቸው የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች ወይም ስፓይሮኖላክቶን።
- ለከባድና ጠባሳ ለሚተው ብጉር፦ አይሶትሬቲኖይን። በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ አንዲት ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉና ካቆመች በኋላ ለአንድ ወር እርግዝናን መከላከል አለባት።

አብዛኞቹ ሕክምናዎች ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ወደ ሌላ ሕክምና ከመዞርዎ በፊት የጀመሩትን በትክክል ለሦስት ወር መጠቀምዎን ራስዎን ይጠይቁ።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ለመሞከር ከወሰኑ

አስቀድመው እነዚህን ይጠይቁ፦

1. ባለሙያው በሚኖሩበት አገር ፈቃድ አለው? በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አኩፓንቸር የሚሠራ ሰው የግዛቱን ፈቃድ መያዝ ይጠበቅበታል።
2. በቅመሙ ውስጥ ያሉት ዕፀዋት ስም በጽሑፍ ይሰጠኛል? «ምስጢር ነው» ካለዎት አይውሰዱ።
3. እንክብሉ አምራቹ፣ የተመረተበት ቀንና መጠኑ ተጽፎበታል? በማያነቡት ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ጥቅል ከሆነ አይግዙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ ምርቱ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን ይጠይቁ።
4. ለምን ያህል ጊዜ ነው የምወስደው? ለወራት የሚወሰድ ከሆነ የጉበትና የኩላሊት የደም ምርመራ ከመጀመርዎ በፊትና በመካከሉ ያሠሩ።

በተጨማሪም ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። የሚወስዱትን ሁሉ ለሁለቱም ወገን ይንገሩ። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ አይጀምሩ፤ ቢጎዳዎት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ጥቅሉንና የዕፀዋቱን ዝርዝር አይጣሉ፤ አንዳች ነገር ቢገጥምዎት ለሐኪም ያስፈልጋል። በአደጋ ረገድ ሲታይ፣ በንጹሕ መርፌ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራ አኩፓንቸር ምንነቱ ያልታወቀ ቅመም ከመዋጥ የተሻለ ነው።

በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉት

- ፊትዎን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ።
- ብጉር አያፍርጡ። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙናና ነጭ ሽንኩርት አይቀቡ፤ ቆዳን ያቃጥላሉ።
- የፀጉር ቅባትና ቅቤ ወደ ግንባር እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ ቀዳዳ ይደፍናል።
- ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላና ነጭ ዳቦ ይቀንሱ። በአንዳንድ ሰዎች ወተትም ብጉር ያብሳል። በርበሬ ብጉር እንደሚያመጣ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ግን የለም፤ እርስዎን በግልጽ ካላባሰብዎት ወጥዎን መተው አይጠበቅብዎትም።
- ከፀሐይ ይከላከሉ፤ ፀሐይ ጥቁር ምልክቶችን ያጠቁራል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባዎት መቼ ነው?

- ብጉሩ ጠጣርና የሚያም ሆኖ ጠባሳ መተው ከጀመረ። ጠባሳ ከወጣ በኋላ ማጥፋት ከባድ ስለሆነ ጊዜ አያባክኑ።
- ከብጉሩ ጋር የወር አበባ መዛባት፣ በፊት ላይ ፀጉር መብቀል ወይም ክብደት መጨመር ካለ። የእንቁልጢ ሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል።
- ብጉሩ በድንገት ከትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ከመጣ።
- በብጉሩ ምክንያት ከሰው መራቅ፣ ትምህርት ወይም ሥራ መቅረት፣ ተስፋ መቁረጥ ከመጣ።

ለቤተሰብ

ልጅዎ በመስታወት ፊት ሲቆይ ወይም ፎቶ ከመነሳት ሲሸሽ «ያልፋል፣ ዝም በለው» ማለት አይበቃም። በብጉር ምክንያት ከባድ ጭንቀት ውስጥ የሚገቡ ወጣቶች አሉ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከተናገረ ሳይውል ሳያድር የሕክምና እርዳታ ይፈልጉለት። በሰው ፊት ስለ ፊቱ አያንሱበት። ከጓደኛ ወይም ከኢንተርኔት ገዝቶ የሚውጠው ወይም የሚቀባው ነገር እንዳለ ሳይቆጡ ይጠይቁት። ከተቆጡት ይደብቅዎታል፤ ከነገረዎት ግን ጥቅሉን አብራችሁ አንብባችሁ ለሐኪም ልታሳዩት ትችላላችሁ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። ስለ ራስዎ ሁኔታ ሐኪምዎን ወይም የመድኃኒት ባለሙያዎን ያማክሩ።